እማዬን የማያስጎነብስ ድንኳን፦ ለመኪና ካምፒንግ ሰፊና ረጅም ድንኳን አመራረጥ

ስለ ድንኳን የሚጠይቁኝ ዘመዶችና ወዳጆች አብዛኞቹ የሚጀምሩት «የስንት ሰው ልግዛ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ በቅድሚያ የምጠይቃቸው አብሯቸው ስለሚሄደው፣ ጉልበቱን ወይም ወገቡን ስለሚያመው ሰው ነው። እኛ ቤት ያ ሰው እማዬ ናት። ሰባን ካለፈች ቆይታለች። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዛለች፣ መሬት ከተቀመጠች ደግሞ ሰው ሳይደግፋት አትነሳም። ከደብረ ብርሃን እኛ ጋ ስትመጣ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርታማችን ቶሎ ይሰለቻታል። ተራራ፣ ጭጋግና የእንጨት እሳት ስታይ ፊቷ ይፈታል። ስለዚህ በጁን አጋማሽ ትምህርት ሲዘጋ ጀምሮ ፍልሰታ እስኪገባ ባሉት ሳምንታት ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችንና እኔ እሷን ይዘን እዚያው ቨርጂኒያ ወዳለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንወጣለን።

ዝቅ ያለው ድንኳን የተሠራው በእግሩ ለሚጓዝ፣ ዕቃውን በጀርባው ለሚያዝል ሰው ነው። እሱ ክብደት ለመቀነስ ሲል ተንበርክኮ ይገባል፣ ተኝቶ ሱሪውን ይለብሳል። መኪና ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሸክሙ የመኪናው ነው። አንዲት አሮጊት እናት ቀሚሷንና ነጠላዋን ሰብስባ፣ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች በልጅ ልጆቿ ፊት እንድትገባ የሚያደርግ ድንኳን መግዛት አልወድም። ለእኔ ትልቁ መለኪያ እሱ ነው፦ እማዬ በበሩ ገብታ፣ ቆማ ልብሷን ቀይራ፣ ቆማ ጸሎቷን አድርሳ፣ ማታ ማንንም ሳትቀሰቅስ ወጥታ መመለስ ትችላለች ወይ?

ሣጥኑ ላይ ያለው የሰው ቁጥር

ድንኳን ሻጮች «የ6 ሰው» ሲሉ ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይተኛል ማለታቸው ነው። ሻንጣ፣ ጫማ፣ መተላለፊያ በሒሳቡ ውስጥ የለም። ብዙ ጊዜ የ6 ሰው ተብሎ የሚሸጠው 10 ጫማ በ10 ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚይዘው ኩዊን የሚባለው በአየር የሚነፋ ፍራሽ 60 ኢንች በ80 ኢንች ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጉ 120 ኢንች፣ ልክ 10 ጫማ ይሆናል። ስለዚህ የ6 ሰው በተባለው ድንኳን ውስጥ ሁለት ፍራሽ ከግድግዳ ግድግዳ ይሞላል። በእግርጌ በኩል አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን መተላለፊያ ይቀራል፣ የተኛው ሰው ደግሞ አራት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፍራሹ ሸራውን ሲነካው በሌሊት ጤዛ ይርሳል፣ አንሶላውም አብሮ ይርሳል።

14 ጫማ በ9 ጫማ የሆነውን፣ የ9 ሰው ተብሎ የሚሸጠውን እንይ። ሁለቱ ፍራሾች ከ14ቱ 10 ጫማ ይወስዳሉ። በጎን አራት ጫማ፣ በእግርጌ ደግሞ ሁለት ጫማ ከምናምን ይተርፋል። በጎን በተረፈው ላይ የእማዬ ታጣፊ አልጋ ይገባል፣ በእግርጌ ሻንጣ ይደረደራል። ከዚህ የተነሣ እኔ የምሰጠው ምክር ቁጥሩን ለሁለት ከማካፈል ትንሽ ከፍ ማለት ነው፦ የ9 ሰው የተባለውን ለአምስት ወይም ለስድስት፣ የ6 ሰው የተባለውን ለሦስት ወይም ለአራት።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሳሎናችሁ ውስጥ ሞክሩት። ሶፋውን ገፋ አድርጉና የድንኳኑን ስፋት በወረቀት ፕላስተር ወለሉ ላይ አስምሩ። ፍራሾቹን ነፍታችሁ በመስመሩ ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ በጣም የሚቸገረውን ሰው ከአልጋው ተነስቶ ወደ «በሩ» እንዲሄድ ጠይቁት። ልጆች ይህንን ጨዋታ ይወዱታል፤ እናንተም የስንት ሰው የሚለውን ክርክር በግማሽ ሰዓት ትጨርሳላችሁ።

ቁመት፦ መሃሉን ሳይሆን ግድግዳውን

ቁመት ተብሎ የሚጻፈው የመሃሉ ከፍታ ነው። 72 ኢንች ካለ 183 ሴንቲ ሜትር፣ 78 ካለ 198፣ 84 ካለ 213 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ዘንጎቹ ከአራቱ ማዕዘን ተነስተው መሃል ላይ የሚሻገሩበት፣ ጣሪያው ጉልላት የሆነ ድንኳን ሙሉ ቁመቱን የሚሰጣችሁ መሃል ላይ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ስትሉ ሸራው ራሳችሁን ይነካል። ሰው ደግሞ መሃል ላይ አይተኛም፣ ልብሱንም መሃል ላይ አይቀይርም፤ ኑሮው ሁሉ በግድግዳው ዳር ነው።

ስለዚህ የቤት ቅርጽ ያለውን፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከላይ ብቻ ጣሪያው የሚያዘነብለውን ፈልጉ። አሜሪካኖቹ ካቢን የሚሉት እሱን ነው። የግድግዳው ቁመት ካልተጻፈ ፎቶውን ከፊት ለፊት ተመልከቱና ሸራው ከስንት ከፍታ ላይ ወደ ውስጥ መታጠፍ እንደሚጀምር ከበሩ ጋር አስተያዩ። ከበሩ አጋማሽ ጀምሮ ካዘነበለ መሃሉ ምንም ቢረዝም አልገዛውም።

ይህ ነገር ከአልጋው ጋርም የተያያዘ ነው። ለአረጋዊ ሰው መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ዝቅ ካለ ድንኳን አይተናነስም፤ መነሳት ያስቸግራል። እማዬ የምትተኛው ቁመቱ ወንበር በሚያህል ታጣፊ አልጋ ላይ ነው፦ እግሯን ታወርዳለች፣ እጇን ጠርዙ ላይ ትጥላለች፣ ትነሳለች። ግን አልጋው ከፍ ባለ ቁጥር ራሷ ወደ ሸራው ይቀርባል። ግድግዳው ያዘነበለ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ስትል ፊቷ ከእርጥብ ሸራ ጋር ይጋጭ ነበር። ከፍ ያለ አልጋና ቀጥ ያለ ግድግዳ አብረው መገዛት አለባቸው። በአልጋው እግሮች ሥር ወፍራም ጎማ ወይም የተቆረጠ ምንጣፍ አድርጉ፣ አለዚያ ብረቱ የድንኳኑን ወለል ይበሳል።

በሩንም እንደዚሁ መርምሩት። የበሩ ቁመት ከድንኳኑ ቁመት ያነሰ ስለሆነ ከውስጥ ቀጥ ብሎ የሚያስቆም ድንኳን በመግቢያው ሊያስጎነብስ ይችላል። ወለሉ ውኃ እንዳያስገባ ጠርዙ እንደ ገበቴ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን በጨለማ የእግር ጣት የሚይዘውም እሱ ነው። እኛ በሩ ሥር ደማቅ ቀለም ያለው ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ ትንሽ የእጅ ባትሪም እዚያው ላይ እናንጠለጥላለን። ሁለት በር ያለው ከተገኘ ተጨማሪውን ዋጋ ያወጣል፤ አንዱ በር ለእማዬ ይሆንና ሌሊት የተኛ ሰው ሳትረግጥ ትወጣለች። በውስጡ የሚዘረጋ መጋረጃ ካለው ደግሞ ለአካለ መጠን ለደረሰች ልጅም ለአያትም መከበሪያ ነው።

ከበሩ ፊት ትንሽ በረንዳ የሚመስል የተሸፈነ ቦታ ቢኖረው ደስ ይለኛል። እኛ ሐበሾች ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው። ስድስት ጥንድ ጫማ ውጭ ካደረ በጤዛ ይርሳል፣ ውስጥ ከገባ ጭቃውን ይዞ ይገባል።

ዘንግና አተካከል

ሦስት ዓይነት ዘንግ ታገኛላችሁ። ፋይበርግላስ ርካሽ ነው፣ ሲያረጅ ግን በርዝመቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጣቂውም እጅ ይወጋል። አሉሚኒየም ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ዋጋው ከፍ ይላል። ብረት ይከብዳል፣ ለመኪና ተጓዥ ግን ክብደቱ ጉዳት የለውም።

እግሮቹ ከሸራው ጋር ተያይዘው የመጡ፣ ተስበው «ቀጭ» ሲሉ የሚቆሙ ድንኳኖች አሉ። ኮር የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ባለ 14 በ9 ጫማ፣ መሃሉ 78 ኢንች የሆነው ከእነዚህ አንዱ ነው። እኛ የምንጠቀመውም እሱን ነው። ማስታወቂያው በ60 ሰከንድ ይተከላል ይላል። ካስማውንና ገመዱን ስትጨምሩ ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ቢሆንም ሁለት ትልልቅ ልጆች ያለ እኛ እርዳታ ያቆሙታል። እንዲህ ያለው ድንኳን ሲታጠፍ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ጥቅል ስለሚሆን መኪናችሁን ለኩ። እኛ በሲዬና ቫን ስንሄድ ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ሰው ስለሚቀመጥበት ዕቃ የሚገባው ከኋላው ባለው ጉድጓድ ብቻ ነው፣ ጥቅሉ በአግድም መግባት አለበት። ጋዜል ቲ4 የሚባለው፣ ግድግዳው ወደ ውጭ እየተሳበ የሚከፈተው፣ ቁመቱ ያው 78 ኢንች ሲሆን አተካከሉ ከሁሉም ይቀላል። ሲታጠፍ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ስለሚሆን በትንሽ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይገባም።

የጥጥ ሸራ ለብቻው የሚታይ ነው። ኮዲያክ የሚባለው 10 በ10 ጫማ፣ ቁመቱ 6 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነ ድንኳን እንደ አገር ቤቱ የሰርግና የልቅሶ ድንኳን ወፍራም ሸራ ነው። ይተነፍሳል፣ ስለዚህ ትንፋሽ በውስጡ ተጠራቅሞ ጠዋት ጠብ ጠብ የሚለው ነገር ይቀንሳል። ነፋስ ሲመጣ እንደ ናይለን አይንጫጫም። አዲስ ሲሆን አንድ ሁለት ጊዜ በውኃ ተርሶ መድረቅ አለበት፤ ክሩ አብጦ የስፌቱን ቀዳዳ ይዘጋል። ክብደቱ ግን ወደ 30 ኪሎ ስለሚጠጋ አንድ ሰው ብቻውን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይዞ መውጣቱን ልታስቡበት ይገባል። ግቢና ጋራዥ ላለው ቤተሰብ ከሁሉ በፊት እሱን እመክራለሁ።

ዝናብ

ሸናንዶዋ ላይ በሰመር ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። የረጃጅም ርካሽ ድንኳኖች ትልቁ ድክመት የላይኛው የዝናብ ሽፋን ነው፦ ራስ ላይ ብቻ እንደተደፋ ኮፍያ ጣሪያውን ሸፍኖ ግድግዳውንና መስኮቱን ባዶ ይተዋል። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ችግር የለውም። ነፋስ ሲያዘነብለው ግን በመስኮቱ ዚፕና በስፌቱ ይገባል። ሽፋኑ ቢያንስ ከመስኮቶቹ በታች ድረስ መውረዱን ፎቶው ላይ አረጋግጡ። ጨርቁ ውኃ የሚቋቋምበት መጠን በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ እኔ ለሽፋኑ ከ1,500 በታች አልገዛም። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ስፌቱ ካልታሸገ ዋጋ የለውምና ከውስጥ በኩል ስፌቶቹ ላይ ፕላስቲክ መሰል ጥብጣብ መለጠፉን እዩ። ከሌለ የስፌት ማሸጊያ ፈሳሽ ገዝታችሁ ራሳችሁ ቀቡት።

ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ከድንኳኑ ወለል በየአቅጣጫው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማነስ አለበት። ብዙ ሰው ለመጠንቀቅ ብሎ ሰፊ ያነጥፋል። የተረፈው ጠርዝ የዝናቡን ውኃ ተቀብሎ ቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሥር ያስገባዋል፣ ሌሊቱን ኩሬ ላይ ታድራላችሁ።

ነፋስ የቁመት ዋጋ ነው

ይህንን ሳልናገር ረጅም ድንኳን ግዙ ብል ልክ አይሆንም። ቀጥ ያለ ረጅም ግድግዳ የመርከብ ሸራ ማለት ነው። ዛፍ በከበበው ሸናንዶዋ ብዙ አያሳስብም። ሜሪላንድ ውስጥ አሳቲግ ደሴት፣ የዱር ፈረሶቹ ያሉበት የውቅያኖስ ዳር፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ የሚከልል ነገር የለም፣ መሬቱም ካስማ የማይዝ አሸዋ ነው። ጉዟችሁ አብዛኛው ወደ ባሕር ዳር ከሆነ ከቁመቱ ትንሽ ቀንሱ፣ ጎኑ የሚያዘነብል ግን መሃሉ የሚያስቆም ድንኳን ይሻላችኋል።

ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ካስማ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ድንጋያማ መሬት ላይ ይጣመማል። 12 ኢንች የሚሆን ወፍራም የብረት ካስማና መዶሻ ለብቻ ግዙ። ለአሸዋ ደግሞ ከዚያ የሚረዝምና ሰፋ ያለ። ካስማው ጫፉ ወደ ድንኳኑ፣ ራሱ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይመታል፣ ገመዱም በሁሉም ማዕዘን ይወጠራል። ሰማዩ ጥሩ ነው ብላችሁ ገመዱን አትተዉ፤ ነፋሱ የሚነሳው ተኝታችሁ ሳላችሁ ነው፣ በጨለማ ካስማ መፈለግ ደግሞ ከባድ ነው። ከተቻለ ጠባቡን ጎን ወደ ነፋሱ አዙሩ። ነጎድጓድ ከተሰማ ድንኳን መጠለያ አይደለም። ሁላችሁም መኪና ውስጥ ግቡ፣ መስኮቱን ዝጉ፤ እማዬን በቅድሚያ አስገቡ፣ እሷ ዝግ ብላ ስለምትሄድ ዝናቡ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ቦታው ከድንኳኑ ጋር መግጠም አለበት

ትልቅ ድንኳን ገዝቶ ትንሽ መትከያ ላይ መድረስ ያሳዝናል። የብሔራዊ ፓርኮቹ ቦታ የሚያዘው ሪክሪየሽን ዶት ገቭ (recreation.gov) በሚባለው ድረ ገጽ ነው። የየቦታውን ዝርዝር ስትከፍቱ ለብዙዎቹ የመትከያው ርዝመትና ስፋት ተጽፏል፣ የገመዱን ቦታ ጨምራችሁ አስቡ። ሸናንዶዋ በአንድ ቦታ ስድስት ሰው ነው የሚፈቅደው። እኛ ልክ ስድስት ነን። ከዚያ ከበዛችሁ፣ ወይም መትከያው ከጠበበ፣ አንድ ግዙፍ ድንኳን ከመግዛት አንድ ረጅምና አንድ ትንሽ መያዝ ይሻላል። ጎረምሶቹ ዝቅ ባለው ውስጥ እየተንደባለሉ ይደሩ፣ ቁመቱ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ይሁን።

በ105 ማይሉ የስካይላይን ድራይቭ መንገድ ላይ 51ኛው ማይል ገደማ ያለው ቢግ ሜዶውስ መጸዳጃም የገላ መታጠቢያም ስላለው ለአረጋዊ ሰው ይመቻል። ካርታውን አይታችሁ ከመጸዳጃው ብዙ ያልራቀ፣ መንገዱ ሜዳ የሆነ ቦታ ያዙ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ዋሽንግተን በሙቀት ስትቃጠል እዚያ ሌሊቱ ይበርዳል። ረጅም ድንኳን አየሩ ብዙ፣ ጣሪያው መረብ ስለሆነ የሰው ትንፋሽ አያሞቀውም። ስለዚህ ጋቢ ያዙ፤ ከስሊፒንግ ባጉ ላይ የተደረበ ጋቢ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ሰፊ ድንኳን ስታዩ ረከቦቱን ውስጥ ዘርግቶ ቡና ማፍላት ያምራል፣ በተለይ ሲዘንብ። በፍጹም አይሆንም። ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል፤ መስኮት መክፈት አያድንም። የከሰሉ ምድጃ ጠፍቷል ተብሎ እንኳ ለሙቀት ወደ ውስጥ አይግባ። ለቡናው አራት እግር ያለው ታጣፊ ዳስ ለብቻው ያዙ፣ ከድንኳኑ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት፣ እማዬም ወንበሯ ላይ ሆና እዚያ ታፍላ። በርበሬው፣ ቂቤው፣ ዳቦው፣ የጥርስ ሳሙናው ሳይቀር ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ሸናንዶዋ ድብ አለ፣ የንጥር ቂቤ ሽታ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል።

ከመንገዱ በፊትና በኋላ

ድንኳኑ በተገዛ ሳምንት አንድ ጊዜ በብርሃን ትከሉት። ግቢ ያለው ዘመድ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ጋ ሂዱና በጎማ ቱቦ ከላይም ከጎንም ውኃ እርጩበት፣ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ስፌቶቹን ይዳስስ። እማዬንም በበሩ አስገብታችሁ አስወጧት፣ አልጋዋ ላይ አስቀምጧት፣ ምን እንደከበዳት ጠይቋት። «ምንም አይል» ካለች አትመኗት፣ እንቅስቃሴዋን እዩ። ያልተመቻት ነገር ካለ ደረሰኙ እጃችሁ ላይ እያለ መመለስ ይቻላል፤ ለዚህ ሲባል መጀመሪያ የመመለሻ ሕጉ ለጋስ ከሆነ ሱቅ ግዙ። ካምፒንግ ይስማማን ይሆን የምትሉ ደግሞ አርኢአይ (REI) የሚባለው የካምፒንግ ዕቃ ሻጭ በአንዳንድ መደብሮቹ ድንኳን ስለሚያከራይ በኪራይ ጀምሩ።

ስትመለሱ ድንኳኑን እርጥብ እንደሆነ ከረጢቱ ውስጥ አትተዉት፤ በሙቀት ወራት በጥቂት ቀን ሻጋታ ይይዘዋል፣ ሽታውም ታጥቦ አይለቅም። አፓርታማ ውስጥ ያላችሁ ወለሉን በበረንዳው ብረት ላይ፣ የዝናብ ሽፋኑን በገላ መታጠቢያው መጋረጃ ዘንግ ላይ ዘርጉት፣ በማግስቱ ገልብጡት። ዚፖቹን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ከአሸዋ አጽዱ። ካስማዎቹን ቆጥራችሁ፣ ጭቃቸውን ጠርጋችሁ ለብቻ ከረጢት ውስጥ አድርጉ፣ ብረቱ ሸራውን እንዳይቀደው። ስፌቱ ደርቆ ስትነኩት ቀዝቃዛ ስሜት የማይሰጥ ሲሆን ያን ጊዜ እጠፉት።